የበረሃው ወይራ፦ «እስራኤል ሁሉ» ከሰሜን ሸዋ ሲነበብ

በመርሐቤቴ ወይራን የማያውቅ የለም። የጠላው ጋንና የእርጎው ቅል በወይራ ይታጠናሉ፤ የሽማግሌው ከዘራ፣ የመጥረቢያው እጀታ፣ የቤቱ ምሰሶ ወይራ ነው። ከጀማ ሸለቆ ወደ ዓለም ከተማ ሲወጣ ዳገቱ ቢራቆትም፣ በየደብሩ ቅጽር ከጥዱ ጎን ወይራ አይታጣም። ከፍሬው ዘይት ጨምቆ የበላ ግን የለም። ፍሬው ደቃቃ ነው፤ ለወፍ እንጂ ለሰው አይሆንም። የእኛ ወይራ የዱር ወይራ ነውና።

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አይሁድና ስለ አሕዛብ ከተናገረው ሁሉ የከበደውን የተናገረው በዚሁ ዛፍ ነው። በሮሜ መልእክቱ 11ኛ ምዕራፍ ላይ እስራኤልን በተተከለና በተኮተኮተ ወይራ፣ ከአሕዛብ ያመኑትን በበረሃ ወይራ ቅርንጫፍ ይመስላቸዋል። ከተተከለው ዛፍ አንዳንድ ቅርንጫፎች ተሰብረዋል፤ የበረሃው በእነርሱ ስፍራ ገብቶ ከሥሩ ስብ ይጠጣል። ነገር ግን ሥሩ ነው ቅርንጫፉን የሚሸከመው፤ ስለዚህ የገባው በተሰበረው ላይ አይኩራ። የሰበረ መልሶ ማጣበቅ አያቅተውም። ይህን ካለ በኋላ ጳውሎስ «ምሥጢር» ወደሚለው ነገር ይሻገራል፦ ከእስራኤል ከፊሉ ልቡ የደነደነው የአሕዛብ ቁጥር እስኪሞላ ነው፤ ከዚያ እስራኤል ሁሉ ይድናል። የእርሻ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሲዳቀል መልካሙ በዱሩ ግንድ ላይ ይገባል እንጂ የዱሩ በመልካሙ ላይ አይገባም። ኦሪገን ከጥንት ጀምሮ ይህን አስተውሏል፤ ጳውሎስም ነገሩ ከተፈጥሮ ልማድ የወጣ መሆኑን አልደበቀም።

ወይራን በዱር መልኩ ብቻ የሚያውቅ አገር ምሳሌውን ከዱሩ ወገን ሆኖ ቢያነበው ያምርበት ነበር። ነገሥታታችንና ብዙዎቹ ሊቃውንታችን ግን ከሥሩ ወገን ሆነው አነበቡት። የእስራኤል መዳን በመጨረሻው ዘመን እንደሚሆን በትምህርታችን ተጠብቆ ቆይቷል፤ «እስራኤል» የሚለውን ስም ግን ቀድመን ስለያዝነው፣ አጠገባችን የኖረው አይሁዳዊ በዚያ ተስፋ ውስጥ የሚቆምበት ስፍራ አላገኘም። የምከራከረው በዚህ ነው።

«እስራኤል ሁሉ» ማን ነው በሚለው ላይ የክርስትናው ዓለም ተስማምቶ አያውቅም። ካልቪን ከአይሁድም ከአሕዛብም የተሰበሰበችው የእግዚአብሔር ሕዝብ በሙሉ ናት አለ። አውግስጢኖስም በአንዳንድ ጽሑፎቹ ወደዚህ ያዘነብላል፤ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ 20ኛ ክፍል ግን ኤልያስ መጥቶ አይሁድን ወደ ክርስቶስ እንደሚመልስ ይጠብቃል። ዮሐንስ አፈወርቅ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። በ386 እና በ387 (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንጾኪያ በአይሁድ በዓል በሚገኙ ክርስቲያኖች ላይ ያሰማው ስብከት እስከ ዛሬ ጆሮ ያቆስላል፤ ይኸው ሰው የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ግን ኤልያስ በመጨረሻ አይሁድን ያሳምናል ብሎ ያስተምራል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ስፍራ ያለው የእስክንድርያው ቄርሎስም እስራኤል ቢጣልም ከአሕዛብ ጥሪ በኋላ እንደሚድን ጽፏል። አንድ ሰው በአንድ እጁ ዛሬ ያለውን አይሁዳዊ እየገፋ በሌላው ነገ የሚመጣውን ያቅፋል። ይህን ተቃርኖ የፈጠርነው እኛ አይደለንም፤ ከአበው ጋር ወርሰነዋል።

በአገራችን ትምህርት ይህ ተስፋ የተቀመጠው በሄኖክና በኤልያስ ታሪክ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሞትን ሳያዩ በብሔረ ሕያዋን ይኖራሉ፤ ሐሳዊ መሲሕ ሲነሣ ይመጣሉ፣ ያስተምራሉ፣ ይገደላሉ፣ ይነሣሉ። ከአይሁድ ብዙዎች የሚመለሱት ያኔ ነው። ከዚህ ጎን «እስራኤል ዘሥጋ» እና «እስራኤል ዘነፍስ» የሚል ክፍፍል አለ፤ የመጀመሪያው በዘር፣ ሁለተኛው በጥምቀት። በጉባኤ ቤት የአንድምታው ስልት ለአንድ ቃል ሁለት ሦስት ትርጉም ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው ይጠብቃል። በእኔ ግምት ጳውሎስ ምሥጢር ያለውን ነገር ሳይሰብሩ ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አይገኝም ነበር፦ እስራኤል አንድም ዘነፍስ፣ አንድም ዘሥጋ። በተግባር ግን ሁለተኛው «አንድም» ወደ ዓለም ፍጻሜ ተላከና እዚያው ቀረ። ኤልያስ እስኪመጣ ድረስ ከጎረቤት ጋር እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ ለንጉሥ ተተወ።

ንጉሡም መልስ ነበረው። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ በግእዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም ወደ እኛ መምጣቷን ሲተርክ ስለ አንድ ዕቃ መዛወር ብቻ አይናገርም። ምርጫው ራሱ ተዛውሯል። ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ስለ እስራኤል ፍርድ የሚናገር ምዕራፍ አለ፤ የሮምና የኢትዮጵያ ነገሥታትም በኢየሩሳሌም ተገናኝተው ዓለምን ሲከፋፈሉና በአይሁድ ላይ ሲነሡ ይታያል። የጳውሎስ 11ኛ ምዕራፍ ከዚህ መጽሐፍ ጋር አብሮ ሲነበብ ምን ይሆናል? የተሰበሩት ቅርንጫፎች ተሰብረው ይቀራሉ፤ የገባው ደግሞ ሥር ሆኖ ያርፋል።

ይህ ሐሳብ ወደ መሬት የወረደው በመሬት ነው። አፄ ይስሐቅ (1414–1430) ከኢትዮጵያውያኑ አይሁድ ከቤተ እስራኤል ጋር ተዋግተው ካሸነፉ በኋላ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለው ስም ከዚህ መጣ አልመጣ አከራካሪ ነው። የአዋጁ አሠራር ግን ግልጽ ነው፦ ጥምቀት የርስት በር ሆነ። ርስት ለገበሬ ምን እንደሆነ ለመንዝና ለመርሐቤቴ ሰው መንገር አያስፈልግም። መሬት ያጣ ሰው እጁ ይቀረዋል፤ በእጁ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ሸማ ይሸምናል።

ከይስሐቅ በኋላ የመጡት ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የዚህን ታሪክ ቋጠሮ ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው ያሳዩናል፤ የሆነውም እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። በ1450 በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት መቶ ዓመት ያህል የተሰደዱበት ክርክር አበቃ፤ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር በእኩል እንድትከበር ተወሰነ። የእስክንድርያ ሰዎች «ይሁዲነት» የሚሉትን ቅዳሜን ማክበር ንጉሡ የቤተ ክርስቲያን ሕግ አደረጉት። እኒሁ ንጉሥ ደግሞ መጽሐፈ ሚላድን የመሰሉ ድርሰቶች በአይሁድ ላይ ጻፉ፣ አጻፉ። እነዚህ «አይሁድ» እነማን ናቸው ብሎ የሚመረምር ሰው ግራ ይጋባል፤ ስሙ ቤተ እስራኤልንም፣ በሥላሴ ትምህርት ከንጉሡ የተለየውንም፣ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አልሰግድም ያለውን የእስጢፋኖስ ደቀ መዝሙርም ያጠቃልላልና። ደብረ ብርሃን የተመሠረተችው በ1456 በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን በኋላ ነው፤ ብርሃኑም በእነዚህ በእስጢፋኖስ መነኮሳት ላይ ለተፈጸመው ቅጣት የሰማይ ምስክር ተደርጎ ተተረጎመ። የሸንኮራው ተወላጅ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብሎ ገድላቸውን በአማርኛ ባያቀርብልን ኖሮ፣ ያ ብርሃን ለማን ጨለማ እንደነበር ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ ቃሉን እናስተውል። «እስራኤል» የክብር ስም ሆኖ ለራስ ተያዘ፤ «አይሁድ» የስድብ ስም ሆኖ ለሌላው ተሰጠ። ሁለቱ በጳውሎስ አንደበት አንድ ሕዝብ ነበሩ። በግእዝና በአማርኛ ሲለያዩ 11ኛው ምዕራፍ ተሰነጠቀ፤ «እስራኤል ሁሉ ይድናል» ሲባል የሚሰማው ምእመን ራሱን ያስባል፣ በግብረ ሕማማት «አይሁድ» ሲባል ሌላውን ያስባል። ሰባኪው እያንዳንዱን ቃል በትክክል ቢያነብም ምሥጢሩ ከጆሮ ያመልጣል።

የቤተ እስራኤል ትውፊት ለዘርዐ ያዕቆብ የሰጠው መልስ ግሩም ነው። አባ ጻብራ የተባለ ክርስቲያን መነኩሴ ወደ ቤተ እስራኤል ገብቶ ምንኩስናን አስተማረ፤ የንጉሡ የራሱ ልጅ ጸጋ አምላክም ተከተለው ይላል። ታሪኩ በዝርዝሩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ፍሬ ነገሩ የቅርንጫፉን መንገድ ይገለብጠዋል፦ የመዳን መንገድ ከቤተ መንግሥት ወደ ተገፉት የሚሄድ ሆነ። ሁለቱ ወገኖች የሚያነቡት ኦሪት በአንድ ግእዝ የተጻፈ ነበር፤ ኩፋሌና ሄኖክም የጋራቸው ናቸው። በአውሮፓ ክርስቲያንና አይሁዳዊ ሲከራከሩ በዕብራይስጥና በላቲን መካከል ገደል ነበር። እዚህ ገደሉን የቆፈረው ቋንቋ ሳይሆን ርስት ነው።

ክርስቲያኑ ራሱ «አይሁዳዊ» ተብሎ የተከሰሰበት ጊዜም አለ። የፖርቱጋል ካህናት ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ግዝረትና ስለ እሪያ ሥጋ ሲነቅፉን አፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረቱ የአገር ልማድ እንደሆነ፣ ሰንበቱም አይሁድ እንደሚያከብሩት እንዳልሆነ መለሱ። መልሳቸው ጨዋና ብልህ ነው። ያን ስም ተሸክመው በአገራቸው ስለሚኖሩት ሰዎች ግን ያነሡት ነገር የለም፤ ከክሱ ለማምለጥ ከጎረቤቱ መራቅ ይጠይቅ ነበርና።

ወደ ሸዋ እንመለስ። ከ1839 እስከ 1842 በሣህለ ሥላሴ ሸዋ የተቀመጠው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በአንኮበር አካባቢ ስለሚኖሩ «ጠቢባን» ጽፏል፤ እጃቸው የሚፈለግ፣ እነርሱ ግን የሚፈሩ ሰዎች። ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ በአክብሮት ሲጠሩ ባለ እጅ፤ በስተጀርባ ደግሞ «ቡዳ»፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚወጣ። የክርስቶስን የመስቀል ችንካር የቀጠቀጡት እነዚህ ናቸው የሚለው ተረት ሃይማኖታዊውን ክስና የእጅ ሥራውን ንቀት በአንድ ምስማር ይመታቸዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ገደማ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ የመንግሥት ጥበብ ነበር፤ ብረትና ሸማ የሌለው አገር አይቆምም። ሥነ መለኮቱን ግን አልነካውም።

ከእነዚህ ባለ እጆች መካከል በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚኖሩትና በሰሜን ሸዋ ገጠር ዘመድ ያላቸው «ቤተ አብርሃም» የሚባሉ አሉ። በየደብራቸው የሚያስቀድሱ፣ ልጆቻቸውን በአርባና በሰማንያ ቀን የሚያስጠምቁ ብዙዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ደግሞ የአባቶቻቸውን የቅዳሜ ሥርዓት በስውር እንደጠበቁ የሚናገሩና በቅርብ ዓመታት አይሁዳዊነታቸውን በግልጽ ያወጁ አሉ። የእስራኤል መንግሥት እንደ ቤተ እስራኤል አልተቀበላቸውም። የዘር ጉዳይ ለታሪክ ጸሐፊ ይቆይ። ለዚህ ጽሑፍ የሚቆረቁረው ይህ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን «በመጨረሻ ይመለሳሉ» የምትላቸው ሰዎች ከተጠመቁ በኋላም በጎረቤት ዓይን አልተመለሱም። ጥምቀቱ ሥሩ ድረስ አድርሷቸዋል ከተባለ፣ ጋብቻ የሚከለከሉት በምን ሥነ መለኮት ነው? መልስ አልተሰጠኝም፤ ጥያቄውንም ደፍሮ በዐውደ ምሕረት ያነሣ አልሰማሁም።

ከውጭ የመጡት ደግሞ ሊያፋጥኑ መጡ። በ1809 የተመሠረተው በአይሁድ መካከል ክርስትናን የሚያስፋፋው የለንደን ማኅበር የሚንቀሳቀሰው በጳውሎስ 11ኛ ምዕራፍ ነበር፤ አይሁድ ሲያምኑ የጌታ ምጽአት ይቀርባል ብለው ያመኑ የእንግሊዝ ወንጌላውያን ማኅበር ነው። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባ የላኩት ማርቲን ፍላድ በ1855 መጣ፤ በ1860 ደግሞ ራሱ ከአይሁድ ወገን ተወልዶ ክርስትናን የተቀበለው ሄንሪ አሮን ስተርን ተከተለ። አፄ ቴዎድሮስ ፈቀዱላቸው፤ ያመነ ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ በሚል ግዴታ። ስለዚህ የለንደን ገንዘብ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ማፍራት ጀመረ። ይህን ዓይነት ቀልድ ታሪክ ብቻ ነው የሚያውቅበት።

የተሰበከላቸው ሰዎች በ1862 መልሳቸውን በእግራቸው ሰጡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈታል ብለው አባ ማሕሪን የተከተሉ ብዙ የቤተ እስራኤል ሰዎች ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ በረሃብና በበሽታ አለቁ፣ የተረፉት ተመለሱ። ሚስዮናውያኑ ይህን እንደ ስሕተት አዩት። እኔ ግን ትልቁ የሥነ መለኮት ሰነድ ይህ ይመስለኛል። ስለ እስራኤል መዳን ክርስቲያኖች በሁለት ቋንቋ ሲከራከሩ፣ የጉዳዩ ባለቤቶች የራሳቸው ተስፋ እንደነበራቸው፣ ስፍራውም ቀኑም የተለየ እንደነበር ያሳያልና። የስግድን በዓል በየዓመቱ ተራራ ላይ ወጥቶ የሚያከብር ሕዝብ ኤልያስን ለክርስቲያን ማስረከብ ምን ያስፈልገዋል?

የሚስዮኑ ፍሬ የታየው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የእስራኤል የመመለስ ሕግ በ1970 ሲሻሻል ሃይማኖቱን በፈቃዱ የቀየረ አይሁዳዊ መብቱን እንዲያጣ ደነገገ። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከነገደ ዳን ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975 ሕጉ ሆነላቸው፤ ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ የሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 የሰሎሞን ዘመቻ ተከተለ፤ በሁለተኛው ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጓዙ። አባቶቻቸው የተጠመቁት ግን ቀሩ፤ ለዓመታት በጎንደርና በአዲስ አበባ ደጅ ጠኑ። የእስራኤልን መዳን ሊያፋጥን የመጣው ስብከት የልጅ ልጆቹን ከእስራኤል መዝገብ አስወጣቸው። በክርስቲያኑ መንደር «ፈላሻ»፣ በአይሁዱ ቢሮ «ክርስቲያን»።

ዛሬ በአገራችን ሦስተኛ ድምፅ አለ፤ ከፕሮቴስታንቱ ሰባኪ ከዳርቢ የዘመን ክፍፍል ትምህርትና በ1909 ከታተመው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስ የወረደ፣ በስብከትና በቴሌቪዥን የተስፋፋ። የእስራኤል መንግሥት የተመሠረተበት 1948 እና የስድስቱ ቀን ጦርነት የተካሄደበት 1967 የትንቢት ሰዓት ቆጣሪ ይሆናሉ። በዚህ መንፈስ የተነሡ የውጭ ክርስቲያን ድርጅቶች ለኢትዮጵያውያን አይሁድ በረራ ገንዘብ ሰጥተዋል፤ ከመጠለያ የወጣን ቤተሰብ የሚያስበው ሰው ይህን ማቃለል አይገባውም። ነገር ግን የዚህን ትምህርት ታዋቂ ቅጅ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ከታላቁ መከራ የሚተርፉት አይሁድ ጥቂቶች እንደሆኑ ያገኛል። አይሁዳዊው የሚወደደው በድራማው ውስጥ ባለው ሚና ነው። ከክብረ ነገሥት ጋር ፍጹም የሚቃረን ይመስላል፤ አንዱ እስራኤልን ተክቷል፣ ሌላው ለእስራኤል ይጮኻል። ሁለቱም ግን አይሁዳዊው ስለ ራሱ የሚለውን ሳይሰሙ ፍጻሜውን ጽፈውለታል።

ምዕራቡ ናዚዎች በአይሁድ ላይ ካደረሱት እልቂት በኋላ ራሱን መርምሯል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ አይሁድ በእግዚአብሔር እንደተጣሉ ተደርገው እንዳይቀርቡ አወጀች፤ በ2015 ቫቲካን ያወጣው ሰነድ ደግሞ በአይሁድ ላይ ያተኮረ ተቋማዊ የስብከት ሥራ እንደማይደገፍ፣ የመዳናቸው መንገድም የእግዚአብሔር ምሥጢር እንደሆነ ገለጸ። በጀርመን የራይንላንድ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ1980 ተመሳሳይ ለውጥ አድርጓል። ዓለም ከተማ በሙኒክ አጠገብ ካለችው ከፋተርሽቴተን ጋር ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእኅትማማች ከተማ ወዳጅነት አላት፤ የዚያ አገር ሰው ይህን ንስሐ በትምህርት ቤት ይማረዋል። እኛ እንድንገለብጠው ግን አልመክርም። የእነርሱ ንስሐ የተጻፈው በሌላ ኃጢአት ላይ ነው። የእኛው በተጉለት፣ በደብረ ብርሃን፣ በርስት መዝገብና በቡዳ ወሬ ውስጥ ነው ያለው፤ ምርመራውም ከዚያ ነው የሚነሣው። ለምርመራው መሣሪያ አለን፤ ለአንድ ቃል ሁለት እውነት የሚፈቅድ አንድምታ፣ ቄርሎስ ስለ ተጣለው እስራኤል መመለስ የጻፈው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጳውሎስ ምሥጢሩን ከመናገሩ በፊት ያስቀደመው፣ ለገባው ቅርንጫፍ የተነገረው ማስጠንቀቂያ። ስለ ዘመን ፍጻሜ ስናስተምር ሁልጊዜ ከ25ኛው ቁጥር እንጀምራለን። 18ኛው ላይ የቆመ ሰባኪ አልፎ አልፎ እንኳ አይገኝም።

በገበያ ቀን ሸክላ ሠሪዋ ጋኗን ደርድራ ትቀመጣለች። የማኅበር ተረኛ የሆነው ሰው መጥቶ በጣቱ ያንኳኳል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ይከራከራል፣ ገዝቶ ይሄዳል። ቤቱ ሲደርስ ጋኑን አጥቦ በወይራ ጭስ ያጥነዋል፤ ጠላው ይጠመቅበታል፤ በማኅበሩ ዕለት ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርከዋል፣ ሁሉም ይጠጣል። ጋኑን የሠራችው ሴት በዚያ ቤት ደጃፍ ስታልፍ ልጆቹ ወደ ውስጥ ይጠራሉ።